ጉድጓድ ያባውን

ጦሳ ከነጉሙ ገና እንደተኛ፣
የሆጤን ቁልቁለት ወረድንበት እኛ፤
አራጋው ከመሪው፣ እኔ ከቱቦው ጋር፣
ባዶ ሆድ መኪናችን ስታጓራ በየበር።
የሰማ መስኮቱን ዘጋ ከነመጋረጃው፣
ያልሰማም በአፍንጫው ደረሰው ማስረጃው።

እትዬ ዝይን በር ላይ ቆመው ጠበቁን፣
ሰላምታ ሳይቀድም ዋጋ ጠየቁን።
«ባለፈው በስንት ነው? አሁን ምን ጨመረ?
ጉድጓዱ ያው ጉድጓድ፣ የት ሌላ ተቆፈረ?»
«ጉድጓዱስ ልክ ነዎት፣ ያው ነው እንደ ድሮ፣
ናፍጣው ነው እናቴ፣ ጦሳን ያለፈው ዘንድሮ።»
በመቶ ተጣሉ፣ በሃምሳ ተማማሉ፣
«የማጠቢያ ውሃ ግን አትጠይቁኝ!» አሉ።
«ቧንቧችን ከጠፋ ዛሬ አስራ አንድ ቀን ነው፤
ያለኝ ሁለት ጄሪካን፣
አንዱ ለወጥ ድስቱ፣ አንዱ ለውዱእ ነው።»

መንገዱ ላህያ ነው፣ ለኢሱዙ አልተለካም፤
ሦስት ቱቦ ቀጠልኩ፣ አሁንም አልነካም።
አራተኛው በቃው። ክዳኑን ስናነሳ፣
የአራት ዓመት ምሳ፣
የአራት ዓመት እራት፣ የሰርጉም፣ የለቅሶም፣
አንድ ላይ ተኝቷል፣ ማንም ማንን አይወቅስም።

ፓምፑ ጉሮሮውን ጠራርጎ አጓራ፣
ቱቦው እንደ ዘንዶ ተላወሰ በተራ፤
ጌጁ ግማሽ አልፎ ሦስት ሩብ ሊነካ፣
ጭጭ አለ። አንዳች ነገር ውጦ ኖሯል ለካ።
«ጨርቅ ነው» አለ አራጋው፣ «የሕፃን ይሆናል፣
ሰው ያሻውን ይጥላል፣ ቱቦ ይከሰሳል።»
ጓንቴን እስከ ብብቴ ስቤ፣ ክንዴን ሰድጄ፣
(መቼም በዚህ ሥራ አልገባሁም ወድጄ)
ጎተትኩት፣ መጣልኝ፤ ከባድ ነው፣ ይረዝማል፣
እጅጌ አለው፣ አዝራር አለው፣ ቀበቶ ይከተላል።

«ውሃ!» አልኩ ሳላስብ።
እትዬ ዝይን ገቡ፣ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤
ያን የውዱእ ጄሪካን አወጡት፣ አልሰሰቱም።
በገዛ እጃቸው ነው ያፈሰሱት ቀስ ብለው፣
እንደ አራስ ልጅ ገላ፣ ከአንገቱ ጀምረው።
አረንጓዴው መጣ፣
ዥንጉርጉሩ መጣ፣
ከኪሱ በላይ የተሰፋው ስም
ጅራቱ ተበልቶ «ኑር» ብሎ ወጣ።
ስም ይሁን ትእዛዝ ቆሜ አነበብኩት፣
ሁለት ፊደል ብቻ፣ ደጋግሜ አየሁት።

«ያን ማታ ነው» አሉ፤ «ኑርዬ ባጥር ዘሎ ወጣ፣
ልብሱን እኔ ጣልኩት፣ በር መቺው ሳይመጣ።
አራት ዓመት ሙሉ እዚህ በገባሁ ቁጥር፣
‹ይቅር በለኝ ልጄ› እላለሁ በምስጢር።»

አራጋው ሞተሩን አጠፋ። ዝም አለ።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ የለ?
ጉድጓድ ያባውንስ? ለሱም ቱቦ አለ።

«ተመለሰ ወይ?» አላልን፣ እሳቸውም አላሉ፤
ልብሱን ጨምቀው ገመድ ላይ ሰቀሉ።
ከዚያ ቀሪውን መጠጥን፣ ክዳኑን መለስን፣
ሁለተኛዋን ጄሪካን ሳንጠይቅ ሰጡን፤
ሂሳቡንም ቆጥረው፣ ያቺኑ ሃምሳ ጭምር።
አራጋው ተቀበለ። እኔም አላፈርኩም፣
ልጆች አሉት፣ ሆድ አለኝ፣ ምን ልናገር።

ሐረጎን ወረድን ሙሉ ሆዳችንን ይዘን፣
በየጠመዝማዛው በማርሽ ተግዘን፤
ከኮምቦልቻ ማዶ፣ ካለው ማራገፊያ፣
ቫልቩን ስለቀው
ደሴ ወረደ፣ ባለፎቅ ከባለ ጎጆ ያለ መለያ።
«ጋኑን እጠበው» አለኝ። ገብቼ አጠብኩት።
ሌላ ቀን አንዴ ነው፣ ዛሬ ሦስቴ ደገምኩት፣
ለምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁት።

ማታ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ሰው የለም፣
ሽታዬን ያወቀ ሁለቴ አይሳሳትም።
መስኮቱን ከፍቼ በሆጤ አናት ሳልፍ፣
ግቢያቸው ከታች ታየኝ፤
ያ ልብስ ገመዱ ላይ ገና አልደረቀም።
እጅጌውን ንፋስ ሞልቶት ይወዘውዘዋል፤
«ና» ይበል፣ «ሂድ» ይበል፣ ከሩቅ አይለይም።