ሁለት መቶ አሥራ አራት ጠፍተዋል

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ የአዳማ ነፋስ
ቆርቆሮ እያንኳኳ ሲሄድ ሲመለስ፣
የውሃ ቢል ሰርቨር፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ፣
ሰባት ሰከንድ ሙሉ ይላል ጭጭ፣ ጸጥ።

ሰባት ሰከንድ ምን አላት? ለእኔ አንድ ማዛጋት፤
ለእሱ ግን ዘመን ናት።
ከባንክ የመጣ ክፍያ መሐል መንገድ ይቀራል፣
ጠዋት የቦኩ ሸነን ሰው ደረሰኙን ይዞ ይሰለፋል፣
«ከፍያለሁ!» «አልከፈልሽም!» መስኮቱ ላይ ይጯጯሃል።

«ነፋሱ ነው፣ ሽቦውን ያወዛውዛል» አለ ኃላፊው።
«ማሽኑ አርጅቷል፣ ሌላ ይገዛ» አለ ዕቃ አቅራቢው፤
ዋጋውንም ጽፎ መጥቷል፣ ከነማኅተሙ፣ ከነፊርማው።

እኔ አውጫጭኝ ጠራሁ።
ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ (ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣
ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ጭረት ብቻ ናት ያለችው)
አንድ መስመር ትዕዛዝ ጽፌ፣
«ያየኸውን ተናገር፤ ያላየኸውን አትጨምር»
አልኩት ከርነሉን።
ተናገረ።

ወረደ መስመር በመስመር፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ፋታ፣
ከጅቡቲ እንደሚጎርፍ የከባድ መኪና ጋጋታ፤
ስሙ፣ ታርጋው፣ ሰዓቱ፣ የያዘው ረድፍ በተራ፣
ማን ነቃ፣ ማን አሸለበ፣ ማን ለማን ለቀቀ ስፍራ።

ሰዓቱ ግን የእኛ አይደለም።
ባትሪዋ ከሞተች ቆየች፤ ቀን ብጠይቀው አያውቅም።
የሚቆጥረው እሱ ራሱ ከነቃባት ቅጽበት ነው፦
ሁለት ሚሊዮን ዘጠና አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ፣
ከነጥቡ ወዲያ ደግሞ ስድስት አኃዝ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ።
መቼ ነበር የነቃው?

ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ። ዘቡ ጋሽ በዳሳ
ካቧራው አፉን ሸፍኖ፣ መዝገቡን ከጉያው አነሣ፤
ጣቱን በምራቁ አርሶ ሃያ አራት ቀን ወደኋላ ገለጠ፦
«ማታ አራት ሰዓት። መብራት ሄደ። ወዲያው መጣ።
ማሽኑ ውስጥ ጮኸ።»
የልደቱን ሰዓት ከዘብ ደብተር ቀዳሁ።

ተመልሼ፣ ቆጥሬ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓቷ ስጠጋ፣
ከሰልፉ መሐል፣ ልክ እዚያች የታፈነችው ጋ፣
አንዲት መስመር፦
«ሁለት መቶ አሥራ አራት ክስተቶች ጠፍተዋል።»

መዝገቡ ቀለበት ነው፤ ሲሞላ ይዞራል፣
አዲሱ አሮጌውን ረግጦት ይጻፋል።
የረገጠውን ግን ቆጥሮ ይናገራል።
ዐሥራ ሁለት ዓመት ሪፖርት አንብቤያለሁ በዚህ ቤት፣
«ሙሉ በሙሉ ተከናውኗል» እንጂ
«አላየሁም» የሚል ቃል አላገኘሁበት።
ከጋሽ በዳሳ በቀር። እሱ፣ በዚያችው ሌሊት፣
«ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል እንቅልፍ ጥሎኛል፤
ሰው ገብቶ ከሆነ አላየሁም» ብሎ ፈርሞበታል።

ቀለበቱን አሰፋሁት። በነጋታው ሌሊት ጠበቅሁ።
ወፏም ተናገረች።
ሌባ አልነበረም። የማተሚያው ሎሌ ነው፣
ትንሽ፣ ስሙን ማንም የማይጠራው፤
ቁልፉን በእጁ ጨብጦ አንድ አድራሻ ይጣራል።
«አለህ?» ዝም። «አለህ?» ዝም።
ሰባት ሰከንድ ይጠብቃል፣
ከኋላው መቶ ሠላሳ ጉዳይ ተኮልኩሎ ቆሟል፤
ተስፋ ይቆርጣል፣ ይለቃል፣ ነገ ማታ ይመለሳል።

«ማተሚያ? ሶሬቲ፣ እኔ እኮ ነኝ የተሸከምኩት» አለ ጋሽ በዳሳ።
ሌላ ደብተር አመጣ፣ ጥጉ በአይጥ የተበላ፦
«ከሒሳብ ክፍል፣ አንድ ማተሚያ፣ ለጥገና ወጣ።
ተመላሽ፦»
ከዚያ ባዶ። ሁለት ዓመት የሞላው ባዶ ቦታ።

ሎሌውን አሰናበትኩት፤ እጄ ትንሽ ዘገየ።
ጋሽ በዳሳ እስክሪብቶውን አራግፎ፣ እፍ ብሎበት፣
ባዶዋ ላይ «ገና» ብሎ ጻፈ።

ነፋሱ አሁንም ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤
ተዉት፣ ጠዋት ኃላፊው ይፈልገዋል።