ታኮ

ኮምቦልቻ ስውል፣ ደሴ ሳድር ከርሜ፣
በሰው ገንዘብ ድምር ተቀነሰ ዕድሜ።
አንድ ማታ መዝገብ ዘግቼ ስነሣ፣
«የኔን የነፍስ ሒሳብ ማን ያዘልኝ?» አልኩሳ።

መምህር ፍለጋ ወጣሁ።
ሐይቅ ወርጄ ከአንድ ባሕታዊ ደጅ ጠናሁ፤
«ጹም» አሉኝ፤ ጾምኩ፤
ከቀበቶዬ በቀር ያጠበብኩት አጣሁ።
ወረሂመኖ ዘልቄ ከሼሁ ፊት ቀረብኩኝ፤
«የምትሻው ቀድሞሃል» ብለው መረቁኝ።
ቀድሞኝ ከሆነማ ልድረስበት ብዬ
እርምጃ ጨመርኩኝ፣ ደብተሬን አዝዬ።

ደብተር፣ አዎ።
የሰማሁትን ቃል በየቀኑ እጽፋለሁ፤
ከሥሩ በቀይ አሰምራለሁ።
የሙያ ልማድ ነው።

ሐምሌ ነበር። ሀረጎ ጉሙን ተከናንቦ፣
ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ትርፍ ሰው ተደርቦ፣
እኔ ከመስኮቱ ዳር፣ የሰው ዘንቢል ታቅፌ፣
ረዳቱን በጎሪጥ አየዋለሁ አኩርፌ።
ሙሄ ነው የሚሉት፤ ጢም እንኳ ያላወጣ፣
ማክሰኞ ሁለት ብር መልሴን ይዞ የወጣ።
ሁለት ብር ምን አላት? ምንም።
ግን ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ አልረሳሁም።

ከመታጠፊያው ስንደርስ ሞተሩን ሳል ያዘው፤
ሳለ፣ ሳለ፣ ዝም አለ፤ ቁልቁለቱ ሳበው።
«ታኮ! ታኮ!» ሹፌሩ።
«ያ ረቢ!» ከወዲህ፣ «እመብርሃን!» ከወዲያ፤
ገደሉ ከሥራችን ጉም ለብሶ ሲያደባ፣
ሙሄ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ አስገባ
ከኋላ ጎማ ሥር።
ቆምን።
ቆጠርኩ፦ አሥራ ስምንት ነፍስ፣ አንድ ድንጋይ።

ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ነቅነቅ አለና ዳገቱን ያዘ።
«አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ተባለ፤
ከመሃል አንድ ሰው «ረዳቱስ?» አለ።

ዞር ብዬ በኋላው መስታወት አየሁት፦
ጎንበስ ብሎ፣ ብቻውን፣ ዝናብ እየመታው፣
ያን ድንጋይ ታቅፎት፣
እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ድንጋይ፣ ከብዶት፣
ከአስፋልቱ ጠርዝ ወዲያ አወጣው።
እጁን በሱሪው ጠረገና
ሽቅብ መሮጥ ጀመረ።

ሹፌሩ አልቆመም፤ ከቆመ ሞተሩ ዳግም ይጠፋል።
ልጁ እስከ ሌላው ኩርባ ሮጠ።
ገባ። በሩን ዘጋ። ከጸጉሩ ውኃ ይወርዳል።
«ምነው ትተኸው ብትመጣ?» አልኩት።
«ከኋላችን ሰው አለ አይደል እንዴ።
ያስቀመጥኩት ደሞ እኔ» አለ። ሌላ አልጨመረም።
ጭቃ የለበሰ መዳፉን ወደኔ ዘረጋ፦
«ሒሳብ!»

ታሪፉን ነው የጠየቀኝ። አውቃለሁ።
ከዚያች ቃል ወዲያ ግን ምንም አልሰማሁ።

ልኬለሽ ትዝ አለችኝ፣ ገንዘብ ያዣችን የነበረች፤
ሦስት መቶ ብር አጎደለች ብዬ በቀይ የጻፍኩባት፣
ዓመት ሳይሞላ ጉድለቱን ከራሴ ገጽ ያገኘሁላት፣
አግኝቼም ገጹን ቀስ ብዬ የገለበጥኩባት።
እኔ ዳገቱን ወጣሁ፤ ድንጋዬ መንገድ ላይ ቀረ፤
የሷ ኑሮ መጥቶ በሱ ላይ ተሰበረ።
አሁን ባቲ ናት አሉ፤ ጨው ትቸረችራለች።

ፒያሳ ወረድኩ። ጦሳ የለም፤ ጉም ውጦታል።
እስከ ቤቴ መሬት መሬት እያየሁ ሄድኩ።
ሰው እግሩን አሳርፎ፣ መኪናውን አቁሞ
ትቶት የሄደው ድንጋይ ለካ ስንት ነው!
አራቱን አነሣሁ። አምስተኛው ከበደኝ።

ሼሁ «ቀድሞሃል» ነበር ያሉኝ፤
እኔ ያየሁት ግን ከኋላዬ ነው፣ ጎንበስ ብሎ።
ማን እንደተሳሳተ እንጃ።
በደብተሬ አልጻፍኩትም።

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ እወርዳለሁ።
ምን እንደምላት አላውቅም፤
ያንን ገጽ ግን ገንጥዬ በኪሴ ይዣለሁ።
እስከ ኮምቦልቻ በነሙሄ መኪና ነው የምሄደው።
ሁለት ብሬን እስካሁን አልመለሰም፤
እኔም አልጠየቅኩትም።
አልረሳሁም ግን።