ቀበቶህን ፍታ

ሂዩማ ደሴት ላይ፣ ከጥዱ ጥላ በታች፣
ባንዲት ክፍል ያሉ አሥራ አንድ ልጆች፣
አሥራ አንድ ታብሌት፣ አንድ አሮጌ ምድጃ፣
መስኮቱ ላይ ውርጭ፣ የጥር ወር ማስረጃ።

ባሕሩ ሲጠጥር፣ መርከቡ ሲታሰር፣
መኪና በውሃ ላይ የሚያልፍበት ምድር፣
«ስለ እሱ ጻፉልኝ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፣
የምታውቁትን ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ሰኞ ጠዋት መጣ የታምቤት ወረቀት፤
ጥርት ያለ ጽሑፍ፣ የሌለው አንድ ስሕተት።
ታምቤት እኮ ማለት
ሦስት ዓመት ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ግድፈት ስለቅምለት፣
ነጥብ የሚረሳ፣
ዐረፍተ ነገሩን መሃል ላይ ጥሎት የሚነሣ
ልጅ ነው።

ያን ቀን ቀይ ቀለሜ ሥራ ፈታ።
አነበብኩት፤ ደገምኩት፤
ልጁን ፈለግሁት ከገጹ፣ ቦታ ለቦታ፤
የለም።
ከመደነቄ ይልቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስሕተቱ ናፈቀኝ።

ከዚያ አራተኛው መስመር፦
«በበረዶ መንገድ ላይ ሲያሽከረክሩ፣
የደህንነት ቀበቶዎን በጥብቅ ይሰሩ።»

እዚህ የተወለደ፣ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል፦
በረዶው ላይ ቀበቶ ይፈታል፣
በሩ ገርበብ ይላል።
ወለሉ የከዳ ለት
የታሰረ ሰው የት ይዘላል?

አልተቆጣሁም። (ተቆጥቼ ነበር፤ ውሸት ምን ይሠራል፤
ምድጃው ዘንድ ቆምኩኝ፤ ቁጣም እንደ እርጥብ እንጨት ጨሶ ያልቃል።)

«ታምቤት፣ አምና ከአባትህ ጋር ስትሻገር
ቀበቶህ ታስሮ ነበር?»
አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀላ።
«አባዬ ይገድለኛል፣» አለ፣ «ባስር።»
«ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?»
ዝም።
ምድጃው ብቻ ተንጣጣ።

በማግስቱ ይዣቸው ወረድኩ፣ ታብሌቱን ጭምር፣ ወደ ባሕሩ ዳር።
የታምቤት አባት ኡርማስ በመሰርሰሪያው በረዶ ይበሳ ነበር፤
ይበሳል፣ ዘንግ ይከታል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፤
ሃያ እርምጃ ሄዶ እንደገና ይበሳል።
«ትናንት ለክተህ የለም?» አለችው ሌሎ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ።
«ትናንት የትናንት ነው፣» አለ ቀና ሳይል፣
«ነጣ ማለት ጸና ማለት አይደለም ከቶ።»

ጓንት አውልቀው፣ በደነዘዘ ጣት መሣሪያውን ጠየቁት፤
ጨው ያለበት ውሃ ለምን ዘግይቶ እንደሚረጋ፣
አሳምሮ ነገራቸው፣ ነገር በነገር እየዘረጋ፤
ኡርማስ እንኳ ሥራውን አቁሞ ሰማው።
«ይሄን አላውቅም ነበር፣» አለ፣ ጢሙን እያሻሸ።
ስለ ቀበቶው ሲሉት ግን
«ይሰሩ» አለ አሁንም፣ በዚያው በለሰለሰ አፉ።
አሥራ አንዱም ሳቁ።
ሳቁና ጻፉ፦
የቱ ልክ እንደሆነ፣ የቱ እንደሚያሰምጥ፣
ማን እንደነገራቸው፣ በየትኛው ክረምት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?
ይሄም አይጎረብጥም፤ ለእግር የተመቸ ነው፣ የተደላደለ።
ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብለው ስም ሰጡት፤
ሠሪው ሰው ከሆነ፣
ማስተዋሉን ደግሞ እኛ እናዋጣለት።

ዓርብ ዕለት ታምቤት ሌላ ወረቀት ሰጠኝ።
ግማሽ ገጽ። የምድጃ ጥቀርሻ ነክቶታል።
«አባዬ ቀበቶህን ፍታ ሲለኝ ድምፁ ይቀጥናል
በሩን በክርኑ ይይዘዋል
በረዶው ከበታቻችን ሲያጓራ ሬዲዮውን ያጠፋዋል
ባሩን እንድንሰማ»

ነጥብ የለውም።
«ባሕሩን» ለማለት ነው፤ አንዲት ፊደል ጎድላ።
ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ፣
ክዳኑን ከፈትኩ፣
እናም ለጥቂት ጊዜ
እኔም ባሩን ሰማሁ።