ጥናት

ከኩዋንጎ ወንዝ ማዶ፣ አሸዋው በበዛበት፣
ሰማይ ሁለት ክረምት የዘሩትን በካደበት፣
ኪሴንጊ መንደር ገባሁ፤ ሥራዬ ጥናት።
በትከሻዬ ቦርሳ፣ በቦርሳው ሚዛን፣ መዝገብ፣
የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣
ክዳናቸው የጠበቀ ብልቃጦች፣ ለዱቄት ማኖሪያ፣
ቢጫ ቢጫ ወረቀት፣ የመርዝ መመርመሪያ።

መራራው ካሳቫ የቆየ ሕግ አለው፤
ሦስት ሌሊት ውሃ ውስጥ አድሮ ነው ለሰው።
ባንድ ሌሊት ካወጡት መርዙ አብሮ ይወጣል፤
ገድሎ አይገላግልም፣ እግር ይዞ ይቀራል።
ማታ ሮጦ የገባ ልጅ፣ ጠዋት ልነሣ ሲል፣
ጉልበት ለጉልበቱ በማይታይ ገመድ ይጠለፋል።
ኮንዞ ነው ስሙ ባገሩ፤
የታሰረ እግር ማለት ነው፣ ሲመነዘር ነገሩ።

ቆጠርኩ፤ መቁጠር ነው የኔ እንጀራ።
አሥራ ዘጠኝ ልጅ፣ አራት እናት፣ አንዲት ሙሽራ፤
ባንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት፣ ያለ ምርኩዝ የሚዳክር በየተራ።
በጨርቅ ኳስ ሜዳ ሙሌካ የሚባል በረኛ አየሁ፣
ከሁለት ድንጋይ መሐል ተቀምጦ። እሱንም ቆጠርኩ፤
ስንት ኳስ እንዳዳነ የሚሞላበት ቦታ ግን ከቅጹ ላይ አጣሁ።

በስምንተኛው ቀን ማማ ንሱንዳ ደጅ ደረስኩ፤
ወንበር ከጎረቤት ተውሳ አወጣችልኝ፤ ተቀመጥኩ።
ኪቶኮ፣ ልጇ፣ ቁርጭምጭሚቷን እንደ ሰው ዕቃ ይዛ፣
ከአሸዋው ጋር ታወራለች ፈዛ።
ስድስት ዓመቷ ነው። ቅጹ «በወር ይሞላ» ስለሚል፣
ሰባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ፤ ያረጀች ይመስል።

«ለናሙና» አልኳት፣ «ግማሽ ኩባያ ዱቄት፣ ከዛሬው።»
ኩባያውን አየች። ልጅቷን አየች። ሰፈረችው።
እራታቸው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤
መቶ አራት የሚል ቁጥር ከለጠፍኩበት በኋላ ነው።

ወረቀቱ ከዱቄቱ ጋር በብልቃጥ አደረ፤
ቢጫነቱ ሲነጋ ወደ ጠይምነት ዞረ።

ተመለስኩ። ጥያቄ አርባ አንድ፦
«ለምን በደንብ አልተዘፈዘፈም?
ሀ፦ ባለማወቅ። ለ፦ በልማድ። ሐ፦ በውሃ እጥረት። መ፦ ሌላ።»
ሣቀች፤ ጥርሷ ብቻ፣ ዓይኗ ቀርቶ ከኋላ።

«ሦስት ሌሊት መሆኑን እናቴ ነግራኛለች፤
ለሷም እናቷ ነግራታለች።
ነጋዴው በመኪና መጣ፣ የደረቀውን ጫነው፤
በጨው፣ በሳሙና፣ ባሮጌ ዕዳ ለወጠው።
የቀረኝን ነቅዬ ወንዝ ዳር ዘፈዘፍኩ።
የመጀመሪያውን ሌሊት አለቀሰች፤ ቻልኩ።
በሁለተኛው ሌሊት ማልቀሷን ተወች።
ያኔ ነው ያወጣሁት።
ልጅ አለህ አንተ? ሲያለቅስ ነው፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራህ?
እስቲ ይህን ከአራቱ ፊደል በየትኛው ትጽፈዋለህ?»

ላዘነ ሰው «ጥናቱን ይስጥሽ» ማለት ነበር ወጉ፤
እኔ ጥናቱን ከሷ ልወስድ የመጣሁ፣ ምን ልበል? አቀረቀርኩ።
«መ» ላይ አከበብኩ። ለ«ሌላ» የተተወው መስመር ካውራ ጣቴ ያጥራል፤
ርሃብ ብዬ ጻፍኩበት፤ ሦስት ፊደል ነው፣ ይበቃዋል፣
ለእያንዳንዱ ሌሊት አንዳንድ ይደርሳል።

በዓመቱ ሪፖርቱ ወጣ፣ ሽፋኑ የሚያበራ፤
«ሌላ» ያሉት ጥቂት ናቸው ተብሎ፣ ከ«ሀ» ጋራ
ተደምሯል። ምክረ ሐሳብ፦ እናቶች ይማሩ።
የኔም ስም አለበት፣ ከምስጋናው ገጽ፣ ከግርጌ መስመሩ።

ይዤላት ሄድኩ። ገለጠች። ፎቶውን፣ ካርታውን አለፈች፤
«የኛ ዱቄት የታል?» አለች።
ገጽ ሃያ ሦስት፣ ሠንጠረዥ፣ ረድፍ መቶ አራት፤
ጣቴን አሳረፍኩበት።
እሷም በጣቷ ዳሰሰችው፣ ቀስ ብላ፣
ጣቷን ወደ ብርሃን አነሣች፤
ምንም አልነካውም። ለኪቶኮ አሳየች።