ሃያ ሦስት ካንዴላ

አሁንም እዚያው ናት።
ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ሽቅብ ሲል መንገዱ፣
ሁለት ጊዜ አስላ ዝም አለች በማለዱ።
የፈንግሉ ክትባት በረዶ ውስጥ ታቅፎ፣
የዘንዘልማ ዶሮ በየደጁ ተሰልፎ፣
እኔ እዚህ በርከክ ብዬ፣
ትኩሱን ካንዴላ በሻሼ ጠቅልዬ
አየሁት፦ ጠቁሯል፤
ጫፉ ላይ ጥላሸት እንደ ሱፍ በቅሏል።
በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩና እፍ አልኩበት፣
መለስኩት፣ ረገጥኩ፤ ሰባት ጊዜ፣ ስምንት፤
ዘጠነኛው ላይ ነው የተነሣችበት።

ስንቱን ሞከርኩላት!
ባለመለዋወጫው «ኦርጅናል ነው» ብሎ፣
በልጆቹ ራስ፣ በታቦቱ ምሎ
የሸጠልኝ ካንዴላ ዐሥር ቀን አልቆየ።
ዲፕራተር አጠብኩኝ፣ አቧራው ተለየ፤
ሳሏ ግን ያው ሳል ነው።
ቤንዚኑን ደፋሁት፣ «ውኃ ገብቶበት ነው፣
የሐይቁ ጤዛ ነው» ቢለኝ አንድ ጎረምሳ።
ሌላው «ቦቢናዋ»፤ ሌላው «ፋሻዋ ሳሳ»፤
አንዱማ «ሴት ስትነዳት...» ብሎ ጀመረና
ዐይኔን ቀና ብሎ አየት አረገና
ዋጠው። ጎሽ።

አያልሰው ጋ ገፋኋት።
ጋራዡ ዋርካ ነው፤ በር የለው፣ ጣሪያ የለው፤
ወንበሩ የሞተ ባትሪ፣ መዝገቡ ግንዱ ነው፤
ዱቤ ያልከፈለ በሚስማር ተጽፏል።
ካንዴላዬን ወስዶ ፀሐይ ላይ አዙሯል፣
አሽትቷል፣ በጥፍሩ ጠርዙን ፋቅ አርጓል።
«የቀድሞዎቹስ የታሉ?» አለኝ።

አባቴ መጣል አያውቅም ነበር።
ያማሃዋን ራሷን ከመሥሪያ ቤት ጨረታ፣
ሌላው የጣላትን፣ አውጥቶ አመጣት፤
ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች።
ሲሞት ከአልጋው ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አገኘን፤
ከበደን፤ ወርቅ መሰለን።
ሃያ ሦስት ካንዴላ፣ እያንዳንዱ በወረቀት፣
እያንዳንዱ ቀን አለበት፦
«ሰኔ ዘጠኝ። ድልድዩ ማዶ።»
«ጥር ሁለት። ድልድዩ ማዶ።»
«ቅዳሜ። እዚያው። ዝናብ።»

አያልሰው በመደዳ ደረደራቸው፤
አንድ መልክ፣ አንድ ጥቀርሻ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።
«ይህ ሕመም አይደለም፣ ልጄ፤ አነዳድ ነው» አለ።
«ካንዴላ ራሱን የሚያጸዳው ሲግል ነው።
ይቺን በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እግር ልክ፣
ዕድሜዋን ሙሉ ማን ነዳት?»

እናቴ ሞተር ላይ አትወጣም።
«እግዜር እግር ሰጥቶኝ ብረት አልፈናጠጥም» ትላለች።
ቅዳሜ ቅርጫቷን ይዛ ስትወጣ
እሱ ከጎኗ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ጫማው መሬት እየጫረ፣
ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ እኔ
እያወሩ እስከ ገበያው በር።
ከዚያ ብቻውን ድልድዩን ይሻገራል።
ከዚያ ትሞትበታለች።

ማርሽ ያስተማረኝ እሱ ነው፤
ሦስተኛን ብዙም አላሳየኝም።
«ብልቃጦቹ እንዳይሰበሩ ነው ቀስ የምለው» አልኩ ለአያልሰው።
ያላመነኝ መሰለኝ። ካርቡራተሯን ፈታ።
«መርፌዋንም ከፍ አድርጎ ሰቅሏታል፤
ቤንዚን ያጠጣት ነበር፣ ስታዘግም እንዳትጠፋበት።»
አንድ እርከን አወረዳት።
«በሳምንት አንድ ቀን በወረታ መንገድ ልቀቂያት፤
የራሷን ጥላሸት ራሷ ታቃጥለው።»

ለቀቅኳት። ጣና በግራዬ፣
እምቦጩ ሜዳ መስሎ፣ አራተኛ ማርሽ፣
ነፋሱ ሻሼን ወስዶ ሊያስቀረው ሲታገል።
ስመለስ ፈታሁት፦ ጠይም ነው፣ ደረቅ፣
የዳቦ ቅርፊት የመሰለ።
ይኸው ሦስት ሳምንቷ፤ ድልድዩን አልፋ አልሳለችም።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ እናቴ ቅርጫቷን ደጅ አውጥታለች፤
ገበያው ራቀባት፣ ዘንድሮ ጉልበቷን ታማለች፤
ሞተር ግን? ሞቷ ነው። በእግሯ ትሄዳለች።
ሃያ አራተኛውን ገዝቼ
ኪሴ ከትቻለሁ።