ቁጥር አሥራ አራት

ደረታችን ላይ አሥራ አራት ቁጥር ለጥፈው፣
ከመርከቧ ሆድ አወጡን፣ እንደ ጓዝ አራግፈው።
ካሊምኖስ ናት ደሴቲቱ። ኤቭዶክያ ትመራለች፣
ቢጫ ጃንጥላ ሰቅላ፣ «መርከብ ሰው አይጠብቅም» ትላለች።
ትቆጥረናለች፤ ሠላሳ ሁለት።
ደረጃ ወጣን፤ ቆጠረችን፤ ሠላሳ ሁለት።

ስፖንጅ የሞላበት ሱቅ ውስጥ አንዱን አንስታ፦
«አያቴ የመዳብ ቆብ ደፍቶ ጠልቆ፣ ይህን አቅፎ
ወጣ፤ እግሩ ግን እዚያው ቀረ፤ ኖረ ግድግዳ ተደግፎ።»
አንዱ ዋጋ ጠየቀ፤
አንዷ ድመቷን በካሜራ ተከተለች፤
እኔ በሦስት ዩሮ ትንሿን ገዛሁ፤ እንደ ደረቀ ዳቦ ቀለለች።

ከዚያ ጠባብ መንገድ፣ ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ በር፣
በመስኮቱ አንዲት አሮጊት የወይን ቅጠል ትጠቀልል ነበር።
«ካሊሜራ!» አልናት በጅምላ፣
አውቶቡስ ውስጥ እንዳጠናነው።
እኛን አላየችም።
ኤቭዶክያ ሰዓቷን አይታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፤
አሮጊቷ በጣቷ አጎረሰቻት፤ እሷም ጃንጥላውን አላወረደች።

«እናቴ ናት» አለች ስንርቅ፣ «በሳምንት ሦስቴ በደጇ አልፋለሁ፤
ገብቼ የተቀመጥኩት ሚያዝያ ላይ ነው፤
መርከብ ሲያቆም፣ ጥቅምት እገባለሁ።»
ደረጃው ቁልቁል ነበር፤ ማንም አልመለሰላትም፤
እኔም የጉልበቴን እንጂ የሷን አላዳመጥኩም።

ጥሩምባው ተነፋ።
ወደቡ ላይ ቆጠረችን፤ ሠላሳ ሦስት።
ግንባሯን አኮማትራ ደገመች፤ ሠላሳ ሦስት።
የማን ትርፍ ነው? ተያየን።
ቆይታ ሳቀች፤ ለካ ራሷን ቆጥራለች።
መሰላሉ ሊነሳ ሲል
ራሷን ቀነሰች።