ካቻምና

ማታ ከጽዳት ገብቼ፣ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ፣
ረድኤት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከላፕቶፗ ስትተናነቅ፤
«አባ፣ ቁጭ በል እስቲ፤ ፎርሙ አንተን ነው የሚጠይቅ።»

ውጭ፣ ሱ ፎልስ ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዷል፤
የጎረቤቱ መኪና አልነሳም ብሎ ይስላል።

መጀመሪያ ስም አለ። ረድኤት ጓንጉል፣ ጻፈች።
የአባት? ጓንጉል እሸቴ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ሳቀች፤
«አባትና ልጅ መሆናችንን ማን ያምናል?» አለች።
በእኛ ወግ ልጅ አባቷን፣ አባት አባቱን አዝሎ ነው የሚሄድ፤
ፎርሙ የሚፈልገን ግን ከላይ እስከ ታች ባንድ ስም፣ ባንድ ገመድ።

ዕድሜዋን ጠየቀ። ሃያ አራት ካልሞላች፣
ካላገባች፣ ካልወለደች፣ ወታደር ካልሆነች፣
በአባቷ ኪስ ትለካለች፤ ወደደች ጠላች።

ከዚያ ደመወዝ። የዘንድሮ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ።
«የካቻምናውን ነው» አለችኝ።
ካቻምና!
ካቻምና እኮ ሌላ ሰው ነበርኩ፤
ቀን በአሳማ ፋብሪካው መስመር ቢላዋዬን ይዤ፣
ሌሊት በማቀዝቀዣው ክፍል እስከ ንጋት ፈዝዤ፣
ሰዓት በሰዓት ደርቤ፣ እንቅልፌን መንዝሬ፤
ገንዘቡን ስቆጥር ኩራት ነበረኝ፤ ያ ኩራት ነው የከሰሰኝ ዛሬ።
አምና ሐምሌ ላይ አንጓዬ አልታጠፍ አለ፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩ፤
አሁን የጥርስ ሐኪም ቤት ወለል ነው፣ በሳምንት አራት ማታ።
የዘንድሮ ረሃብ በካቻምና ጎተራ ይለካል?

«ስንት ነፍስ አለ ቤታችን?» አራት፤ ናሆምን ጨምሮ።
«የሟች ወንድሜ ልጆችስ፣ ቡሬ ያሉት? በየወሩ የምቆርጥላቸው?»
«አብሮ ካላደረ አይቆጠርም» አለችኝ፣ ድምጿ ተሰብሮ።

«ቁጠባ?» ሰባት መቶ። «ሌላስ?» እቁብ አለ።
ዕጣዬ ወጥቶ ተበልቷል፤ ክፍያው ግን ገና አሥራ አንድ ወር ቀረ።
ሀብት ነው ዕዳ? ጣቷ ከፊደሎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።
«ሳጥን የለውም፣ አባ።»
ዳኛችን ጋሽ ጽጌ ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበረ!

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ቁጥርሽ ይብዛ» ስላት ኖሬ፣
ዘጠና አምስት ስታመጣ «አምስቱስ የታለ» ብዬ መርምሬ፣
ዛሬ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ቁጥራችን ይነስ፣ ይነስ፣ ከዜሮም ይውረድ ብዬ ጸለይኩ፤
እንደ ውጭው ብርድ።

ወጣ። ስድስት ሺህ አንድ መቶ አርባ።
«ከየት አምጥቼ?» ብዬ ብድግ አልኩ።
«ዕዳ አይደለም፣ መለኪያ ነው። ከኮሌጁ ዋጋ ይቀነሳል፤
የተረፈው ነው ችግራችን የሚባል።»
እኔ የማውቀው ችግር ሳይሰላ፣ ሳያንኳኳ ነበር የሚገባ።

ስሟን ረድኤት ያልኳት ከላይ እንዲወርድላት ነው፤
በዋሽንግተን ዞሮ፣ በአራት አኃዝ ታስሮ እንደሚመጣ ማን አወቀው።

አማካሪዋ ሚስስ ሃውገን «ደብዳቤ ጻፉ» ብላለች፤
«ማሽኑ ካቻምናን ያያል፤ የኮሌጁ ቢሮ ግን ሰው አለበት፤
የሐኪሙን ወረቀት፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ደረሰኝ አያይዙበት።»
እኔ ስናገር ረድኤት ጻፈች።
«ለማኝ አይደለሁም በይበት» አልኳት። ጻፈችው፤ አጠፋችው።
«አልሰነፍኩም በይ።» እሱንም አጠፋችው።
«አባ፣ እነሱ የሚፈልጉት ቀንና ቁጥር ነው።»

እኩለ ሌሊት ላይ አሮጌዋ ማተሚያ እየጮኸች ወረቀቱን ተፋች።
«ፈርም» አለችኝ።
ቀኝ እጄ እስክሪብቶውን እንቢ አለ፤ በግራዬ ፈረምኩ፤
ጓንጉል፣ ፊደል የጀመረ ልጅ የጻፈው የመሰለ።
ከካቻምናው ፊርማዬ ጋር ቢያስተያዩት አይገጥምም።
«ትጠየቅበታለህ እኮ» አለች።
ይጠይቁኝ እንጂ።